ፓስቲ ማቅመስ ክልክል ነው

በነፃ የሚሰጥ ነገር አልወድም። ልቤ አይቀበለውም። አንድ ሰው ፈገግ ብሎ «እንካ ቅመስ» ሲለኝ ዓይኔ የሚሄደው ወደተዘረጋው እጁ ሳይሆን ወደ ሌላው እጁ ነው። ምን ይዞ ይሆን? ባለቤቴ ወይንሸት ይህን ጠባዬን በሽታ ትለዋለች። እኔ ጥንቃቄ እለዋለሁ። ደግሞስ በደርግ ጊዜ ባሌ ሮቤ ላይ ልጅ ያሳደገ ሰው ጥርጣሬ ቢበዛበት ምን ይገርማል? ያኔ እኮ ምንም የማይጠረጥር ሰው ራሱ አጠራጣሪ ነበር። በዚያ ላይ ሥራዬ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ነበር። መጋዘን የሠራ ሰው፣ ከበር የሚወጣ ሁሉ ኮቱ ሥር አንድ ነገር የሸጎጠ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜም ሸጉጦ ይገኛል።

ዛሬ ዛሬ ሰው፣ ለልጆች የማይረባ ምግብ የሚያስተዋውቁትን መንግሥት ይከልክል አይከልክል እያለ ይከራከራል አሉ። አዲስ ነገር መሰላቸው! እኛ ይህን ክርክር ሮቤ ላይ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ጨርሰነዋል። ተከራክረን፣ እጅ አውጥተን፣ ከልክለን አይተነዋል።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ምሥራቅ ናት። አንድ ልጅ ናት፤ ሌላ የለንም። አንደኛ ክፍል ገብታ ጥቂት እንደቆየች ምሳ መብላት ተወች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ትቀመጣለች፣ እንጀራውን በጣቷ ትነካካዋለች፣ «ጠገብኩ» ትላለች። በምን ጠገብሽ? ስላት ተነሥታ ትሄዳለች። የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሳነቲ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ባዶ ሆድ አይምርም። ልጅቷ ከሳች። ጉንጯ ሟሸሸ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ፈራሁ። ሌሎቹን ነገሮች ሁሉ እንደ ቀልድ ላወራችሁ እችላለሁ፣ ይህችን ፍርሃት ግን አልቀልድባትም። አንድ ልጅ ያለው ሰው ያቺ አንዲቷ ስትቀጥን ሲያይ፣ እሱም አብሮ ይቀጥናል።

ጎባ ድረስ ወስጄ ለሐኪም አሳየኋት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ፣ ሆዷን ነካክቶ፣ ጀርባዋን አንኳኩቶ ሲያበቃ፣ «ምንም የለባትም፤ ምግብ ትብላ» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ምግብ እንድትበላማ እኔም አስቤበት ነበር።

ስለዚህ ምርመራውን በራሴ ያዝኩት። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጇን ሳብ አድርጌ ጣቶቿን አሸተትኳቸው። ዘይት! በማግሥቱ ደግሞ የቀሚሷ እጅጌ ይጣበቃል። በምላሴ ነካ አደረግሁት። ማር! ወይንሸት «የልጅ ቀሚስ የሚልስ አባት ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ትበል። ምርመራ ላይ ያለ ሰው አያፍርም።

በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ከቆመ ጋሪ ጀርባ ተደበቅሁ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። ወጥተውም ወደ ቤት አልሄዱም። በግንቡ ጥግ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ አደ ሞሚና መጥበሻቸውን ጥደው ተቀምጠዋል። አደ ሞሚናን፣ እማማ ሞሚና እንደማለት ነው፣ ሮቤ ላይ የማያውቅ የለም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ጥቁር መጥበሻ ነው። ፓስቲ ይጠብሳሉ። ያው የስንዴ ሊጥ ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተነፋፍቶ የሚወጣው። «ኮታ ኢጆሌ! ሆኣ ዳ!» ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ወገን ይሰማል። ኑ ልጆች፣ ትኩስ ነው፣ ማለታቸው ነው። አማርኛ ብቻ የሚችለውም ልጅ ይህችን ኦሮምኛ ከሀሁ በፊት አውቋታል።

መጣራቱስ ይሁን። ቀጥሎ ያየሁት ነው ያስደነገጠኝ። አንዱን ፓስቲ ይቆራርሱና፣ ቁራሹን ከአጠገባቸው ካለው የማር ቆርቆሮ ነከር እያደረጉ፣ በየተራ ልጆቹን ያጎርሳሉ። በነፃ! ከዚያ ልጆቹ ወደየኪሳቸው ይገባሉ። ያለው ይገዛል። የሌለው ወደ ቤቱ ይሮጥና እናቱን አስጨንቆ ይመለሳል። የገዙትም ለብቻቸው አይበሉም፤ ክብ ሠርተው፣ እየተቆራረሱ፣ እየተሳሳቁ ነው የሚበሉት። የኔዋ ምሥራቅ ከመሃል ናት። ቤት ውስጥ በልመና አፏን የማትከፍተው ልጅ፣ እዚያ አፏ አልዘጋ ብሏል።

ልጆቹ ሲበተኑ ከጋሪው ጀርባ ወጣሁና እንደማንኛውም ሰው አንድ ፓስቲ ገዛሁ። ቀመስኩት። ማር የለውም። ያዝኳቸው አልኩ በልቤ!

«አደ ሞሚና፣ የቅምሻው ማር ከዚህኛው ላይ የት ሄደ?» አልኳቸው።

ቀና ብለውም አላዩኝ። መጥበሻው ላይ ያለውን እያገላበጡ፣ «ማር ለልጅ አይሸጥም። ማር ይሰጣል» አሉ።

«ቅምሻውስ ለምንድን ነው?»

«ያባ ምሥራቅ» አሉኝ በልጄ ስም ጠርተው፣ «አንተ እዚህ አገር አላደግክም እንዴ? ሽታው የነካውን ልጅ ሳላቀምስ ልስደደው? አላህ አይጠይቀኝም?»

እዚህ ላይ አፌን ያዙኝ። ባሌ ላይ ይህን ልማድ ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብረዋል። ምግብ የሸተተው ልጅ ሳይቀምስ አይሄድም። ከሄደ አምሮት ይጎዳዋል፣ ያከሳዋል፣ ይባላል። የማታውቀው ልጅ እንኳ በደጅህ ሲያልፍ ድስት ላይ ያለህን ታቀምሰዋለህ። እናቴም እንዲያ ታደርግ ነበር። ግን እናቴ ስታቀምስ አትሸጥም ነበር! የሚሸጥ ሰው ሲያቀምስ ደግነት ነው ወይስ ወጥመድ? ደግሞስ በማር የተነከረ ደግነት?

አጎቴ ትዝ አለኝ። ጎሮ ገበያ በቅሎውን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ሊሸጣት ሳይሆን ጨው ሊጭንባት። አንድ ነጋዴ «ኑ አረፍ ይበሉ፣ ሻይ ይጠጡ» አለው። በነፃ። ቀጥሎም «ሌላ ይደገም» አለው። እሱም በነፃ። አጎቴ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጨውና ልጓም ተሸክሞ በእግሩ ተመለሰ። በቅሎዋ የት ሄደች ብለን ስንጠይቀው፣ «ሰውየው በጣም ጥሩ ሰው ነው» አለን። እኔ ያኔ ነው በነፃ ከሚሰጥ ነገር ጋር የተቆራረጥኩት።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ያኔ ስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ የሚታደለው ስኳር ስለሚቀርበት ማንም አይቀርም። ሊቀመንበራችን ጓድ ቱሉ ከሹመቱ በፊት ጋሪ ነጂ ነበር። ከተሾመም በኋላ ለሕዝብ ሲናገር ፈረስ የሚያስቆም ነበር የሚመስለው። እጄን አወጣሁና ጉዳዩን አቀረብኩ። ልጆቻችን ምሳ ትተው ዘይትና ሊጥ እየበሉ ነው፣ በጥሪና በቅምሻ እየተማለሉ ነው፣ መንግሥት አንድ ነገር ይበል አልኩ።

አዳራሹ ተከፈለ። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ መንግሥት መሬቱንም ቤቱንም ወስዷል፣ አሁን ደግሞ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል ብለው ጠየቁና፣ ያሉትን ሲያስቡት ደንግጠው፣ «ማለቴ ሥራ ይበዛበታል ብዬ ነው» ብለው ተቀመጡ። አንዲት እናት ደግሞ፣ እኔ ልጄን አልችለውም፣ መንግሥት ይቻልልኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ልጄን አትብዪ ብዬ ከማስለቅሳት፣ ሌላ ሰው ቢከለክልልኝ ምን አለበት?

ጓድ ቱሉ ነገሩን ወደደው። ሕፃናትን በጣፋጭ ማማለል የንዑስ ከበርቴ ስልት ነው አለ። እንዲህ ያለ ቃል የሚመጣለት ቀን ደስ ይለዋል። ውሳኔውም ተላለፈ። ፓስቲ መሸጥ ይቻላል፤ ልጆችን መጥራትና በነፃ ማቅመስ ግን ክልክል ነው። መሸጡ ለምን እንዳልተከለከለ ጠርጥሬያለሁ። ሊቀመንበሩ ጠዋት ጠዋት ሻዩን በምን እንደሚጠጣ አውቃለሁና።

የውሳኔው ደጋፊ እጁን ያውጣ ሲባል ግን አንድ ነገር አየሁ። አደ ሞሚና ከኋላ እጃቸውን አውጥተዋል። ያውም ከሁሉ ቀድመው። በራሱ ላይ የሚፈርድ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰኞ ዕለት በሩ ጸጥ አለ። ጥሪ የለም። ቅምሻ የለም። አደ ሞሚና አፋቸውን ገጥመው ይጠብሳሉ። ልጆቹ ቆመው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ምራቃቸውን ውጠው ይሄዳሉ። አሸነፍኩ አልኩ። ደስታዬ ግን ሳምንቱንም አልዘለቀ።

ለምን በሉኝ። እናቶቹ ሰሙ። ልጆቻቸው በየቀኑ ፓስቲ እየሸተታቸው ሳይቀምሱ እንደሚመለሱ ሰሙ። ሮቤ ተጨነቀች! ዛሬ ልጄ ነስሮታል፣ አምሮት ነው። ዛሬ ልጄ አስነጠሰው፣ አምሮት ነው። ዛሬ ልጄ ሂሳብ ወደቀ፣ አምሮት ካልሆነ ምን ይሆናል? ድሮ በአንዲት ቁራሽ ቅምሻ የሚድነው አምሮት፣ አሁን የሚድነው በግዢ ብቻ ሆነ። እናቶች በየማለዳው የፓስቲ ሳንቲም በልጆቻቸው መዳፍ ያስጨብጡ ጀመር። ልጄ ፓስቲ አይነካም የሚሉት እንኳ «ለመድኃኒት ነው» እያሉ ገዙ። አደ ሞሚና ሁለተኛ መጥበሻ ጣዱ። ድምፃቸውን ሳያሰሙ!

ለጓድ ቱሉ አቤት ብል፣ ችግሩ የንቃት ማነስ ነው አለኝ። አፉ ጫፍ ላይ የፓስቲ ዘይት ነበር።

ለካስ ወይንሸትም ለልጅቷ የፓስቲ ሳንቲም ትሰጣታለች። ምሥራቅ አሁንም ምሳዋን እየነካካች «ጠገብኩ» ትላለች፤ አሁንም ትከሳለች። ይህን ባወቅሁበት ቀን ቤታችን ውስጥ ጦርነት ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ሳንቲም ለፓስቲ እንዳትሰጫት አልኩ። እሷም፣ ልጄ አምሯት ከምትሞት እኔው ራሴ ቤቴ እጠብስላታለሁ አለች። መቼ ተምረሽ አልኳት። አደ ሞሚና ያስተምሩኛል አለች። አስተማሯትም! ሊጡን፣ እሳቱን፣ ሁሉን ነገር፣ አንድም ሳይደብቁ። ሙያዋን ለደንበኛዋ በነፃ የምታስተምር ሴት! እንቅልፍ አጣሁ።

ወይንሸት ምሳ ሰዓት ላይ ደጃፋችን ጠበሰች። ሽታው ሰፈሩን ሲዞር የጎረቤት ልጆች በአጥራችን ቀዳዳ ዓይናቸውን አሾልከው መጡ። ወይንሸት ያየ ልጅ መከልከል አትችልም፤ አስገባቻቸው። ቁራሽ ቁራሽ አደለቻቸው። የኔዋ ምሥራቅም ከመሃላቸው ተቀምጣ በላች። ከዚያ፣ እስቲ አሁን ይህን ስሙኝ፣ ወይንሸት በትሪ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችላቸው። ልጆቹ ወረዱበት። ምሥራቅም ወረደችበት! እጇ ከእጃቸው እየተሻማ፣ «የኔ ነው» እያለች፣ እስከ ትሪው ጠርዝ ጠረገችው። ቆሜ አየሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እያሳቃችሁ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አላሳቀኝም።

ልጅቷ የፓስቲ ሱስ አልነበረባትም። ብቻዋን መብላት ነበር ያቃታት። ወይንሸት እንዲህ ነው የምትለው። እኔ እስከ መጨረሻው አላመንኩም፤ ሊጡ ውስጥ የገባ ነገር አይጠፋም ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ማን ይከራከራል? ልጄ በላች! በማግሥቱም ጠበሰች፣ ልጆቹም መጡ፣ ምሥራቅም በላች። ጉንጯ ተመለሰ። እኔም ከመሥሪያ ቤት ለምሳ ስመጣ፣ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሜ «ኑ ግቡ፣ ተሰጥቶ ሳያልቅ» እላቸው ነበር።

ሁለት ሳምንትም አልቆየ፣ የቀበሌ ዘበኛ በራችንን አንኳኳ። ተከሰሃል አለኝ። በምን? ልጆችን በመጥራትና በነፃ በማቅመስ። ከሳሹ ማነው? አደ ሞሚና።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። አደ ሞሚና ቆመው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ በሚያሳዝን ድምፅ ተናገሩ። «ጓዶች፣ እኔ ሕግ አክብሬ አፌን ዘግቻለሁ። ወላሂ አንዲት ቁራሽ አላቀመስኩም። ሕጉን ያመጣብኝ ሰው ግን በደጁ ይጣራል፣ ያቀምሳል። ሕጉ ለኔ ብቻ ነው?» ሕዝቡ አጉረመረመ። ልክ ናቸው እኮ! እኔም ሰብሳቢ ብሆን በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

ጓድ ቱሉ ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘ። ለማያውቀው፣ ግለ ሂስ ማለት ሕዝብ ፊት ቆመህ ጥፋትህን በገዛ አፍህ መዘርዘር ነው። በድምፅ ማጉያም ይሁን፣ አዳራሽ ያልገባው ሕዝብም ይማርበት አለ። ጡሩምባው ጣራ ላይ ነው፤ አፉም ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ዞሯል። እሑድ ደግሞ የሮቤ ልጅ ሁሉ ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታል።

ፈርቻለሁ። ዋናው ፍርሃቴ ግን ቅጣቱ አልነበረም። መጥበሻውን አንሱ፣ ልጆቹን አትሰብስቡ ቢሉኝ ምሥራቅ ተመልሳ «ጠገብኩ» ልትል ነው። ያ ቀጭን አንገቷ በዓይኔ ዞረ። ስለዚህ ሁሉን ነገር ብናገር ያዝኑልኝ ይሆናል አልኩና ጀመርኩ።

«ጥፋተኛ ነኝ ጓዶች» አልኩ። «ደጄ ላይ ፓስቲ ተጠብሷል።»

«በዝርዝር!» አለ ጓድ ቱሉ።

«ሊጡ ከማለዳው ይቦካል ጓዶች። በለብታ ውሃ ነው፤ የጎሮ ስንዴ ከሆነ ደግሞ እንደ ጥጥ ነው የሚነፋው። ዘይቱ በደንብ ሲግል ሊጡ ይለቀቃል። ጭስስ ይላል! ያብጣል። ገልበጥ ሲደረግ ወርቅ መስሎ ይመጣል።»

ሕዝቡ ቁርስ ሳይቀምስ ነው ለስም ጥሪው የመጣው። አንድ ሰው ምራቁን ሲውጥ ሰማሁ።

«ቀጥል!» አለ ጓድ ቱሉ። ድምፁ ፈረስ ማስቆሙን ትቶ ነበር።

«ላዩ ይንኮሻኮሻል ጓዶች፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው፤ ሲቆረስ እንፋሎቱ ይወጣል። ምግብ እንቢ ያለች ልጄ አፏን የከፈተችው በዚህ ነው። ከልጆች ጋር ተቃቅፋ፣ እየተቆራረሰች፣ እየሳቀች ነው የበላችው። እኔም አባት ነኝና ኑ ልጆች፣ ትኩስ ነው፣ ብዬ ተጣርቻለሁ!» አልኩ። እውነትም ስሜቴ ገንፍሎ ነበርና ይህችን የመጨረሻዋን ጮክ ብያታለሁ። ጡሩምባው ተቀብሎ በሜዳው ላይ አስተጋባት።

በንግግሬ መሃል አደ ሞሚና ቀስ ብለው ከአዳራሹ ሲወጡ አይቻለሁ። ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ ነበር። የዋህነት አንዳንዴ እኔንም ያጠቃኛል።

ጓድ ቱሉ ፍርድ ሳይሰጥ ስብሰባው ለሳምንት ተላልፏል አለና ከሁላችን ቀድሞ ወጣ። ተከትዬ ስወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ቆሟል። ሁለቱም መጥበሻ ይንጫጫል። ከሜዳው የተጠራቀሙት ልጆች፣ ከአዳራሹ የወጡት ወላጆች፣ የቀበሌው ዘበኛ ሳይቀር። ሊቀመንበሩ ከፊት ነው። አደ ሞሚና ግን ድምፃቸው አይሰማም። አይጣሩም። ማንንም አያቀምሱም። በሕግ አምላክ፣ የሚከሰሱበት አንዲት ነገር አልነበረም!

ከሰልፉ መሃል ምሥራቅን አየኋት። ኪሷ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ትኩስ ሙሉ ፓስቲ በእጇ ይዛ፣ ለጓደኞቿ እየቆረሰች፣ ጉንጯን ሞልታ ትበላለች። ሰውን ገፍቼ መጥበሻው ፊት ደረስኩ።

«አደ ሞሚና! በነፃ መስጠት ክልክል ነው! ሕዝብ ምስክር ነው!» አልኩ።

አደ ሞሚና አንዱን ፓስቲ ገልበጥ አደረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«በነፃ ማን ሰጠ፣ ያባ ምሥራቅ?» አሉ። «የልጅቷ ፓስቲ፣ በጡሩምባ ለተጣራህልኝ ያንተ ደመወዝ ነው።»